ከምርቃቱ በፊት

«ላቀች ጥያቄ የላትም። ትፈርማለች።»

ይህን ያሉት ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ገብረሚካኤል ናቸው። ያሉትም ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠው፣ እሷ ያፈላችውን ሻይ እየጠጡ፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነው። መጋረጃን እንደ ግድግዳ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ታናሽ እህታቸው ዓባይነሽ በጠዋቱ መኪና ከሺሺንዳ መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቤቱ ከተሸጠ እሷ የት ትገባለች?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ጨመሩበት፤ «እኛ ጋ የጓሮዋን ክፍል እንሰጣታለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅሽ ኢያሱ መጥቶ ያስረዳናል፣ እኔ እመርቃለሁ፣ አለቀ።» ከዓባይነሽ በኩል የተሰማው ብርጭቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ተስማምታ ይሁን አፍራ ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር።

ላቀች እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመች። በመጀመሪያ ያናደዳት ቤቱ አይደለም፤ ቤቱ ገና ልቧ ድረስ አልደረሰም። ያናደዳት «ጥያቄ የላትም» የሚለው ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚሁ ቦንጋ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማረች ሴት ናት፤ ደመወዝ ይከፈላት የነበረው እኮ ጥያቄ እንድታወጣ ነው። ዛሬ ከተማው ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱትም፣ ዞን ቢሮ ወንበር ላይ ከሚሽከረከሩትም፣ እሷ ባወጣችው ጥያቄ ያልወደቀ ወይም ያላለፈ ጥቂት ነው። ቤት ስትገባ ግን ጠያቂነቷ ከጫማዋ ጋር በር ላይ ይቀራል። ሻይ ታፈላለች፣ ትሰማለች፣ ብርጭቆ ታነሣለች። ይህን ለማሰብ የዛሬውን ቀን መጠበቋ ራሱ አናደዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱን ለሦስቱም ልጆቻቸው ትተው ነበር። ጋሽ ገብረሚካኤል የራሳቸው ቤት አላቸው። ዓባይነሽ ሺሺንዳ አግብታ ኮረሪማና ቡና ትነግዳለች። ላቀች አላገባችም፤ አባትና እናቷን አስታማ ቀብራ እዚያው ቀረች። የዓባይነሽ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ ቤት፣ እሷ እጅ ላይ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ሄዶ ምሕንድስና ተማረ፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። አሁን ሥራውን ለማስፋት አክሲዮን ይሸጣል፤ ቤተሰቡም የአባትየውን ቤት ሸጦ አክሲዮን ሊገዛ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚበላ ይሁን የሚለበስ ከሦስቱ አንዳቸውም አያውቁም። ግን ልጁ የራሳቸው ልጅ ነው፤ የሥጋ ዘመድን እንደ ባዳ ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

በዚህ ላይ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ደንብ አለ። ታላቁ ተነሥቶ ከመረቀ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ ማንም አፉን አይከፍትም፤ አሜን የተባለበት ነገር አይቀሰቀስም። አባትየው ይህን ያመጡት ለሰላም ብለው ነበር፤ ሁሉም የልቡን ተናግሮ፣ ተቆጥቶም አልቅሶም ሲያበቃ ነበር የሚመርቁት። ጋሽ ገብረሚካኤል ግን ትዕግሥት የላቸውም፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር ምርቃቱን ወደፊት እያመጡት መጥተዋል። ጊምቦ የነበራቸው የቡና መሬት የተሸጠው እንዲህ ነው። ላቀች «ለማን?» ልትል ስትል እጆቿ ቀድመዋት ተዘርግተው ነበር፤ ከአፏም የወጣው «አሜን» ሆነ። ለማን እንደተሸጠ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ብርጭቆዎቹን ደፋቻቸው፣ ነጠላዋን አነሣች፣ ዘንቢሏን ያዘች። «ገበያ ደርሼ መጣሁ» አለች ሳሎኑን አቋርጣ። ጋሽ ገብረሚካኤል ቀና ሳይሉ «ሥጋም ጨምሪበት፣ ልጁ ይመጣል» አሏት።

ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዝናብ ገና መቆሙ ነው፤ መንገዱ ዳር ዳሩን ጨቅይቷል፤ ከተራራው ላይ ጉም እየተነሣ ነው። ላቀች ባጃጅ አስቆመችና «መናኸሪያ» አለች። ሾፌሩ ዋጋ ሲጨምርባት ያለወትሮዋ «ለምን?» አለችው። ቤንዚን ተወደደ አላት። «ከመቼ ጀምሮ? ለሁሉም ሰው ነው ወይስ ለእኔ?» ሾፌሩ በመስተዋቱ አያትና «ቲቸር፣ በድሮው ይሁንልዎት» አለ። ላቀች ይህ ነገር ደስ አላት። ሁለት ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቃ መንገድ ላይ እንዲህ ከተገኘ፣ ቤት ውስጥ ምን ያህል ሳይገኝ እንደቀረ እያሰበች ወረደች።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ናዝራዊት የምትባል የቀድሞ ተማሪዋ ፎቶ ቤት አላት፤ የሠርግና የተማሪ ምረቃ ቪዲዮ የምታቀናብረው እሷ ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግማሹን የፕላስቲክ አበባ የታሰረበት የፎቶ መነሻ ይዞታል። ላቀች በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ያለ ምንም ዙሪያ ጥምጥም «ግራፊክስ ካርድ ምንድን ነው?» አለች። ናዝራዊት ሳቀች፤ መምህርቷ እንዳልሳቀች ስታይ ግን ተነሥታ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ኮምፒውተር ጎተተች፣ የጎን ክዳኑን አነሣች። ውስጡ አቧራ የጠጣ ገመድ ተጠላልፏል፤ መካከል ላይ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያ ያለው፣ የመዝሙር መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ሁሉ የሚሠራው ይህ ነው አለቻት። ሙሽራዋ ስትዞር ቀሚሷ አብሮ የሚዞረው፣ ጽሑፉ እየበረረ የሚገባው፣ በዚህ ነው። ይህ ባይኖር አንድ ሠርግ ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ሲያቃስት ያድራል። ላቀች ጣቷን አስጠጋች፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። «ለምን ይሞቃል?» «ስለሚያስብ» አለች ናዝራዊት። «እኔም ሳስብ ይሞቀኛል» አለች ላቀች፤ አሁን ሁለቱም ሳቁ።

ያን ያህል ሰዓት እዚያ እቀመጣለሁ ብላ አልነበረም። ግን አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፣ ናዝራዊትም ደንበኛ ሲመጣ እያስተናገደች ትመለሳለች። ድሮ የነበራት ካርድ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተቃጠለ፤ ቦንጋ ውስጥ የሚጠግነው ጠፍቶ አዲስ አበባ ላከችው፤ እዚያም ጣለው አሏት። ያኛውን በገዛች በዓመቱ የተሻለ ሞዴል ወጥቶ፣ የእሷው ዋጋ በግማሽ ወረደ። አሁን ያለው የኢያሱ ድርጅት የሠራው ነው። መብራት ሲዋልል ራሱን ይጠብቃል፤ ጎበዝ ነው፤ አንድም ቀን አስቸግሯት አያውቅም። «ሌላ ልትገዢ ነው ታዲያ?» አለቻት ላቀች። ናዝራዊት ግራ ተጋባች። «ቲቸር፣ ይሄ ካልተበላሸ ሌላ ምን ያደርግልኛል?» ላቀች ይህችን መልስ ይዛ ዘንቢሏን አነሣች። ልጁ ጥሩ ነገር በመሥራቱ ኮርታለች፤ ጥሩ በመሥራቱ ምክንያት ደግሞ ገዥ ተመልሶ የማይመጣ መሆኑ ከነከናት። ሁለቱ ነገር በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን መቻሉ አስገረማት።

ሥጋውን ከገዛች በኋላ በማር ተራ በኩል ዞረች። ማር ነጋዴው ገሠሠ ከቢታ ገነት በኩል ከመጣ ገበሬ ጋር እየተከራከረ ነበር። ረጅም እንጨት አስገብቶ የማሩን ጀሪካን እስከ ታች ይበረብራል፣ አውጥቶ ይልሳል፣ ቀፎው የት እንደተሰቀለ ይጠይቃል፣ ጫካው ውስጥ ምን እንዳበበ ይጠይቃል፣ አምና ለማን እንደሸጠ ይጠይቃል። ገበሬውም አይቀየምም፤ እንዲያውም ስለ ዛፉ ሲጠየቅ ፊቱ በራ። ላቀች እስኪጨርሱ ጠበቀችና «ገሠሠ፣ ከዘመድህ ስትገዛም እንዲህ ትበረብራለህ?» አለችው።

«ኧረ ከዘመድ! ምን ብዬ?» አለ ገሠሠ እንጨቱን እየጠረገ። «ከዘመድ አልጠይቅም። ከዘመድ የማልገዛውም ለዚህ ነው፣ እትዬ።»

ወደ ቤት በእግሯ ተመለሰች። አቀበቱ ላይ ስትደርስ ቤቱ ታያት፤ አባቷ ያሠሩት ሰፊ በረንዳ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ እሷ የተከለችው የአቦካዶ ዛፍ። ጠዋት ያልደረሰባት ነገር አሁን ደረሰባት። የጋሽ ገብረሚካኤልን የጓሮ ክፍል ታውቀዋለች፤ መስኮቱ ወደ አጥር ነው። እዚያ ገብታ፣ በሰው ቤት ሻይ እያፈላች፣ የራሷን መጋረጃ እንኳ ሳትሰቅል ስትሞት ታያት። ፈራች። እንደዚያም ሆኖ ጭንቅላቷ ውስጥ ያ ጥቁር ካርድ ማራገቢያውን እያሽከረከረ ነበር፤ ልጁ በእውነት የሚያዋጣ ነገር ይዞ ቢሆንስ? ለራሷ ክፍል ስትል ልትከለክለው ነው? ይህን ማወቅ የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

ኢያሱ በሰዓቱ መጣ። አቅፎ ሳማት፤ ከስቷል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥሮ በፕሮጀክተር ሥዕል አሳያቸው፤ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች፣ ካርዱ በጨለማ ውስጥ ሲያበራ። ጋሽ ገብረሚካኤል በየሥዕሉ «ግሩም ነው» ይላሉ። ዓባይነሽ ሥዕሉን ሳይሆን ልጇን ታያለች። ሲጨርስ ውጭ እንደገና የጀመረው ካፊያ ከቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ተሰማ። ጋሽ ገብረሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓባይነሽ መዳፏን ከፈተች። ኢያሱም ጎንበስ አለ። የላቀች እጆች እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ሲሉ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ። ከምርቃቱ በፊት ጥያቄ አለኝ።»

እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «የምን ጥያቄ?»

«ለልጁ ነው።»

«ላቀች! የራስሽ ልጅ እኮ ነው!»

«የራሴ ስለሆነ ነው» አለችና ወደ ኢያሱ ዞረች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሞ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ድምፅ ነው። «ኢያሱ፣ ከዚያ ካርድ ውስጥ አንተ የሠራኸው የቱ ነው?»

ኢያሱ ደንግጦ ቀና አለ። መጀመሪያ እንደ ተከሳሽ ነበር የመለሰው፤ አጭር አጭሩን። ቺፑ፣ ማለትም አንጎሉ፣ ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል፤ እነሱ የሚሠሩት ቺፑ የሚቀመጥበትን ሰሌዳ፣ ማቀዝቀዣውንና ከመብራት መዋለል የሚጠብቀውን ክፍል ነው። «አንጎሉን የሚሸጥላችሁ ሰው ነገ ለእናንተ አልሸጥም ቢልስ?» አለችው። ውል አለን አለ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ እኛ ግን ትንሽ ገዥ ነን፣ ትልልቆቹ ሲሻሙ እኛ ተራ እንጠብቃለን፣ ባለፈው ዓመት ረጅም ጊዜ ጠብቀናል አለ። አዲስ ሞዴል ሲወጣ መጋዘን ውስጥ ያለው አሮጌው ምን እንደሚሆን ጠየቀችው። ኢያሱ ከወንበሩ ወረደ፤ ምንጣፉ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ ተማሪ ሳለ የቤት ሥራውን በሚሠራበት ቦታ ተቀመጠና ከቦርሳው ካርድ አወጣ። ይህን አስበንበታል አለ፣ ለዚህ ነው ብዙ የማናከማቸው፣ ሰሌዳውን ደግሞ አዲስ ቺፕ እንዲቀበል አድርገን ነው የነደፍነው። መፍቻ አውጥቶ ማራገቢያውን ፈታላት። ፊቱ በራ። ላቀችም መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ስለ ሙቀቱ ጠየቀች፣ ስለ መዳቡ ቱቦ ጠየቀች፣ የተቃጠለውን ማን እንደሚጠግን ጠየቀች። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ቤቱን ረስተውት ነበር።

«እትዬ» አለ ኢያሱ፣ «አዲስ አበባ ስንት ቢሮ ገብቼ ይህን ነገር አቅርቤአለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ትርፉ መቼ ይመጣል የሚለውን ብቻ ነው። ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ጋሽ ገብረሚካኤል እጃቸው ደክሟቸው አውርደው ተቀምጠዋል። «በቃ፣ ሁሉንም መለሰ አይደል? ታዲያ እንመርቅ» አሉ።

«አንዲት ቀርታኛለች» አለች ላቀች። ናዝራዊትን እያሰበች ነበር። ማን ይገዛል፣ የገዛውስ ተመልሶ ይመጣል ወይ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ግን የልጁን የከሳ ፊት ስታይ ሌላ ጥያቄ መጣባት። «እኔ ስለዚህ ሥራ የማውቀው ዛሬ ጠዋት የጀመርኩትን ያህል ነው። የምጠይቀውንም አላውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። ስትመጣ መንገድ ላይ፣ ይህን ብቻ ባልጠየቁኝ ያልከው የቱን ነው?»

ኢያሱ የፈታውን ብሎን መዳፉ ላይ ያንከባልል ጀመር። ቆርቆሮው ይንጠባጠባል። ዓባይነሽ «ልጄን አታስጨንቂው» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ማን ይገዛል የሚለውን» አለ በመጨረሻ። «ከሠራነው አብዛኛውን የሚወስድልን አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ርካሽ አገኘሁ ብሎ ተወን። እስካሁን በእሱ ምትክ አላገኘንም። አዲስ ገንዘብ ከገባ ሌላ እስክናገኝ ያቆየናል ብዬ ነው። ላገኝም እችላለሁ፤ ላላገኝም እችላለሁ።»

ጋሽ ገብረሚካኤል አንሶላው ላይ ወደቀረው መስመር አዩ፤ አሁንም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ዓባይነሽ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቁጣ ሲይዛት ወይም ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። ከዚያ ራሷን ገዝታ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«አልጠየቅሽኝም፣ እማ። በደወልሽ ቁጥር በልተሃል ወይ ነው የምትይኝ።»

ዓባይነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አመጣችና አለቀሰች። ላቀች ጉልበቷን ይዛ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ከልጁ ጎን ተቀመጠች፤ ብሎኑን ከመዳፉ ወስዳ እንዳይጠፋ ሻይ ማቅረቢያው ሳህን ላይ አስቀመጠችው። «አልፈርምም» አለች፤ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ግን ሳትጮህ። «ካርዱን ማን እንደሚገዛው ሳናውቅ ቤቱ አይሸጥም። ልጁ ግን እዚህ መጥቶ የፊቱ ክፍል ውስጥ ካርድ ልጠግን ካለ ክፍሉ ባዶ ነው። ፎቶ ቤት ያላት ናዝራዊት እንኳ ድሮ የሚጠግንላት አጥታ ነው ካርዷን ያስጣሏት።»

የኢያሱ ትከሻ ወረደ። ከባድ ነገር ተሸክሞ መጥቶ ያስቀመጠ ሰው እንዲሁ ነው የሚሆነው።

«እኔ እንግዲህ ምን ብዬ ልመርቅ?» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል። ተቀይመዋል፤ ግራም ገብቷቸዋል። በዚህ ቤት ምርቃት ሳይደረግ የተነሣ ሰው የለም።

«ልጁን ይመርቁት፣ ጋሼ። ቤቱን ይተዉት።»

ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ። ገዥ እንዲሰጠው፣ እንቅልፍ እንዲሰጠው፣ እውነት የሚናገር አፉን እንዳይዘጋው መረቁት፤ ጀምረው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ራሱ ለሰለሰ። ከሁሉ ጮክ ብላ አሜን ያለችው ላቀች ናት።

ሥጋው ተበልቶ፣ ዓባይነሽ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ተነሥታ፣ ልጇ ሊሸኛት አብሯት ወጣ። በሩ ላይ ቆመው ስታወራው ላቀች ሰማቻት፤ በልተሃል ወይ አላለችውም፤ ስለዚያ የማስታወቂያ ድርጅት ነው የምትጠይቀው። ጋሽ ገብረሚካኤል በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። አንዱን አስረው ሲጨርሱ ቀና አሉ፤ ላቀችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩ ሰው አዩዋት።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጥያቄ ከየት አመጣሽው?»

«ድሮም ነበረኝ» አለች ላቀች። «ጠይቀውኝ አያውቁም እንጂ።»

ጋሽ ገብረሚካኤል መልሰው ጎንበስ አሉ። ሁለተኛው ጫማ እግራቸው ሥር ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ፈለጉት።